ስለ አባት የሚወርድ ሙሾ፤ ምጣኔውና ቤት አመታቱ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሙሾ ልንናገር መቆማችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስደንቅ እንደማይቀር እናውቃለን። በበዓል ቀን ዘፈን እንጂ ልቅሶ አይታሰብም። ይሁን እንጂ ክበባችን በዓመቱ ውስጥ የደከመበትን ሥራ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፥ ከዚህ የበለጠ የተማርንበት ጉዳይ አላገኘንም። ስለዚህ ሐዘን ልንቀሰቅስባችሁ ሳይሆን፥ ሐዘን በአገራችን እንዴት ተመጥኖና ተለክቶ እንደሚነገር ልናሳያችሁ ነውና ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

የመረጥነው ሙሾ ተራ ሙሾ አይደለም፤ ስለ አንድ የሃይማኖት አባት የሚወርድ ነው። አባቱም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፥ በፍቼ አካባቢ ተወልደው፥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፥ በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው ተሾሙ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከአርበኞች ጋራ ነበሩ። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በሞከሩበት በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቁ። አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፥ ለወራሪውም ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። ስለዚህም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

ከነጻነት በኋላ ስለ እርሳቸው ብዙ ተጽፏል። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በተባለው ድርሰታቸው ታሪካቸውን ለመድረክ አበቁት። ከሁሉም ይልቅ በሕዝብ አፍ የቀረው ግን የባለቅኔው የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ነው። ጸጋዬም የተወለደው በዚያው በ1928 ዓ.ም. ክረምት፥ አቡነ ጴጥሮስ ከተገደሉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነበር። እንግዲህ አንዱ የሞተበት ክረምት ሌላው የተወለደበት ሆነና፥ በሞቱ ጊዜ ያልነበረው ሕፃን አድጎ የዚያን ሞት ነጋሪ ሆነ።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ግጥም የሚለካው በምንድን ነው? ብዙዎቻችን በፊደል ቁጥር የሚለካ ይመስለን ነበር። ነገር ግን የግጥም ሚዛን ጆሮ እንጂ ዓይን አይደለም። የሚቈጠረው በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ይህንንም ቀለም እንለዋለን። «ሰላሌ» ሦስት ፊደል ነው፥ ቀለሙም ሦስት ነው፤ ሰ፥ ላ፥ ሌ። «ጴጥሮስ» ግን አራት ፊደል ሆኖ ሳለ ቀለሙ ሁለት ብቻ ነው፤ ጴጥ፥ ሮስ። ሳድሱ ፊደል ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ከፊቱ ባለው ድምፅ ላይ ይደገፋል። አንድ ሙሉ መሥመር ስንኝ ይባላል። ስንኙ በመካከሉ ትንፋሽ የሚወሰድበት ዕረፍት አለው፤ ዕረፍቱም ስንኙን በሁለት ሐረግ ይከፍለዋል። በስንኙ መጨረሻ ድምፅ ከድምፅ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል።

ስለዚህ ነገር በምሁር ሥርዓት ከጻፉት አንዱ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ናቸው። የአማርኛ ግጥም አሠራርን የሚመለከተው ጽሑፋቸው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነበር። የመንግሥቱ ለማ አባት አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውም ከአንደበታቸው የሰሙትን ሰብስበው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ»ን አሳትመዋል። የግጥምን ሚዛን የመረመረው ሰው የሊቅ ልጅ መሆኑ ያጋጣሚ ነገር አይመስለንም፤ የቅኔ ቤት ያደገ ጆሮ ቀለም መቍጠርን የሚማረው በልጅነቱ ነውና።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ የሌላ ሰው ድርሰት ሳንነካ እኛው ለመማሪያ የደረደርናቸውን ስንኞች እናቅርብ። ግጥሞቹ የተማሪ ሥራ ናቸውና ጉድለታቸውን በይቅርታ እለፉት።

በአማርኛ እጅግ የተለመደው ምጣኔ ወል ቤት ይባላል። እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም፥ ስንኙም ዐሥራ ሁለት ቀለም አለው።

ሰላሌ ወለደው፥ ጥይቱ ነጠቀን፤
ቃሉ ግን አልሞተም፥ እንደ እሳት አሞቀን።

እስኪ አብረን እንቍጠር። ሰ፥ ላ፥ ሌ፥ ወ፥ ለ፥ ደው፤ ስድስት። ጥ፥ ይ፥ ቱ፥ ነ፥ ጠ፥ ቀን፤ ስድስት። ቃ፥ ሉ፥ ግን፥ አል፥ ሞ፥ ተም፤ ስድስት። የመጨረሻው ሐረግ ግን በወረቀት ላይ ሲቈጠር ሰባት ይሆናል። በአፍ ሲነገር «እንደ እሳት» የሚለው «እንደሳት» ስለሚሆን፥ እን፥ ደ፥ ሳት፥ አ፥ ሞ፥ ቀን ብሎ ስድስት ይሞላል። ዓይን የሚሳሳትበትን ጆሮ እንደሚያርመው ከዚህ ይታያል።

ከመካከላችን አንዱ «ጥይቱ» ብቻ ከሚባል «የጠላት ጥይት ነጠቀን» ቢባል ነገሩ ይጠነክራል ብሎ ነበር። እውነት ነው፥ ነገሩ ይጠነክራል። ነገር ግን ሐረጉ ስምንት ቀለም ይሆንና፥ እያጨበጨብን ስንለው እጃችን ቀድሞ አፋችን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የጠላትን ስም ትተን ምጣኔውን ጠበቅን። በኋላ ስናስበው ግን የጠፋ ነገር የለም፤ ጥይቱ የማን እንደ ነበረ አድማጩ ያውቃልና። ምጣኔ ገጣሚውን የሚያስጨንቀው እንዲህ አድርጎ ነው፤ የማያስፈልገውን ቃል ያስጥለዋል።

ሁለተኛው ምጣኔ ሰንጎ መገን ይባላል፤ ሐረጉ አምስት አምስት ቀለም ነው።

ጥይት ተኮሱ፥ በመስቀሉ ፊት፤
አባት ወደቀ፥ ቀን ሆነ ሌሊት።

ይህ ምጣኔ አጭርና ፈጣን ነው፤ እንደ ደረት ድቂ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን «ቀን ሆነ ሌሊት» የሚለውን ሐረግ ልብ ብላችሁ ስሙት። ቀኑ ሌሊት ሆነ ማለት ነው ወይስ ሌሊቱ ቀን ሆነ? አማርኛችን ሁለቱንም ይፈቅዳል። ለአልቃሹ አባቱ ሲወድቅ ቀኑ ጨለመ፤ ይህ ሰሙ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሰማዕት ሞት የሌሊቱ መንጋት ነው፤ ይህ ወርቁ ነው። ስለ ካህን የሚወርድ ሙሾ ከሌላው ሙሾ የሚለየው በዚህ ይመስለናል። ስለ ጀግና ወይም ስለ ነጋዴ ሲለቀስ የጐደለው ብቻ ቢነገር ይበቃል። ስለ ካህን ሲለቀስ ግን ካህኑ ራሱ ሲያስተምር የኖረውን የትንሣኤ ተስፋ ረስቶ ማልቀስ አይገባም። ሊቃውንቱም ከመጠን ያለፈ ልቅሶን ይከለክላሉ። ስለዚህ አልቃሹ በአንድ አፍ ሁለት ነገር መናገር አለበት፤ እያለቀሰ ማመን። ለዚህም ሰምና ወርቅ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የአባታችን ስም እንኳ ይረዳል፤ ጴጥሮስ ማለት በጽርእ ቋንቋ ዐለት ማለት ስለ ሆነ፥ ዐለት በጥይት ተመታ ያለ ሁሉ ሳያስበው ቅኔ ተናግሯል።

ሦስተኛው ምጣኔ ረጅም ነው። ሐረጉ ስምንት ስምንት፥ ስንኙ ዐሥራ ስድስት ቀለም ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አብዝቶ ስለ ሠራበት በስሙ የጸጋዬ ቤት ተብሏል።

ሰላሌ እስኪ ንገሪን፥ ምን አጠጣሽው ያን ሕፃን፤
ጠመንጃ ፊት ቆሞ ሳለ፥ አልሸጥም ያለውን ኪዳን።

ይህን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ የሞከረ ሰው እንደሚቸግረው ያውቃል። ችግሩም ጥቅም አለው። ወል ቤት የድንኳን ምጣኔ ነው፤ አንዲት ሴት ታወርዳለች፥ ሌሎቹ ይቀበሏታል፥ ሁሉም እኩል ይተነፍሳል። የስምንት ቀለም ሐረግ ግን የአንድ ሰው ነው። ብቻውን የቆመ፥ የሚያስበው ብዙ፥ ጊዜው ግን ጥቂት የሆነ ሰው ነው እንዲህ የሚናገር። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ላይ የሚናገረውም አልቃሹ አይደለም፤ ሊሞት የቆመው ጴጥሮስ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም ከእመ ብርሃን ጋራ ነው። በሕዝብ ሙሾ ሕያዋን ስለ ሞተው ያለቅሳሉ፤ እዚህ ግን የሚሞተው ስለ ሕያዋንና ስለ አገሩ ያለቅሳል። ልቅሶው ተገለበጠ፤ ስለ ተገለበጠም የድንኳኑ ምጣኔ አልበቃውም፤ ረዘመ። ምጣኔ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ማን ለማን እንደሚናገር የሚያስታውቅ ምልክት መሆኑን የተማርነው ከዚህ ነው።

አራት አራት ቀለም ያለውን የቡሄ በሉን ምጣኔም ሞክረን ነበር። ነገር ግን በዱላ እየተመታ የሚጨፈርበት የልጆች ምጣኔ ስለ ሆነ፥ ሐዘኑ ሮጦ አመለጠን። ስለዚህ አላቀረብነውም።

አሁን ስለ ቤት አመታቱ ጥቂት እንበል። «ነጠቀን» እና «አሞቀን» ቤት የመቱት «ቀን» በሚለው ድምፅ ነው፤ ፊደሉም ድምፁም አንድ ስለ ሆነ ገጠሙ ጽኑ ነው። «ፊት» እና «ሌሊት» ግን ፊደላቸው የሚገናኘው በመጨረሻው ት ብቻ ነው። ት ሳድስ ስለ ሆነ ብቻውን ቤት አይሞላም፤ ከፊቱ ያለው ድምፅ መተባበር አለበት። ፊ እና ሊ ሁለቱም ሣልስ ስለ ሆኑ ገጠሙ። «ፊት»ን ከ«ቤት» ጋራ ብናጋጥም ኖሮ ሣልስና ኃምስ ተገናኝተው ጆሮ ይሻክር ነበር። እንዲሁም «ሕፃን» እና «ኪዳን» ሁለቱም ከን በፊት ራብዕ ስላላቸው ይስማማሉ።

«ነጠቀን፥ አሞቀን» ብሎ ቤት መምታት ቀላል ነው የሚል ትችት ከመካከላችን ተነሥቶ ነበር። በእርግጥም «ን» የሚለው ተቀጥላ ከግሥ ሁሉ ጋራ ስለሚገባ፥ ሰዋስው ያለ ድካም የሚሰጠው ቤት ነው። ነገር ግን ይህ «ን» ትርጕሙ «እኛን» ማለት እንደ ሆነ አስተውሉ። የተነጠቅነው እኛ፥ የሞቅነውም እኛ። በየስንኙ መጨረሻ አልቃሹ ተመልሶ የሚያርፈው በራሱና በጎረቤቱ ላይ ነው። ሙሾ ስለ ሞተው የሚነገር ይምሰል እንጂ፥ ለቀሩት የተሠራ መሆኑን ይህች አንዲት ፊደል ትመሰክራለች። ስለዚህ ቀላልነቱን አውቀን ተውነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን ሌላ ነገር ነው። «ጳጳስን ወለደው ማለት ነውር ነው፤ ወለዳቸው መባል ይገባል» ያሉ ጓደኞቻችን ነበሩ። እነሆ፥ በዚህ ንግግር እንኳ እርሳቸው እያልን እናከብራቸዋለን። ብንቈጥረው «ሰላሌ ወለዳቸው» ሰባት ቀለም ይሆናል፤ አክብሮቱ አንድ ቀለም ጨመረ፥ ምጣኔውም ፈረሰ። ታዲያ ለቀለም ብለን አባትን ልናዋርድ ነውን? ነገሩን ለመምህራችን ባቀረብን ጊዜ በጥያቄ መለሱልን፤ «በጸሎታችሁ እግዚአብሔርን ምን ትሉታላችሁ? እመቤታችንንስ?» አሉን። አንተ እንላለን፥ አንቺ እንላለን። ከሁሉ የሚከብረውን አንተ የምንለው ስለ ናቅነው ሳይሆን ስለ ቀረብነው ነው። ሙሾም እንደዚሁ ነው። አንቱ መባል በሕይወት ላለ ሰው በሸንጎና በደጅ የሚሰጥ ክብር ነው፤ ሞት ደጁን ካለፈ በኋላ አልቃሽ ንጉሡንም ጳጳሱንም አንተ ትለዋለች፥ ማንም አይቈጣትም። በመጨረሻም ተስማማን፤ በንግግራችን እርሳቸው፥ በግጥማችን እርሱ።

የካህን ሞት በአገራችን ሁለት ዓይነት ግጥም እንዳለው ሳንናገር አናልፍም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረሳል፤ ሊቃውንቱም በግእዝ ቅኔ ይቀኛሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፥ ሥላሴ ስድስት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት ይዞ እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት አለው። ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ደግሞ ሙሾ አውራጇ በአማርኛ ታወርዳለች። የመጀመሪያው ግጥም መምህር፥ ጉባኤና ብራና አለው፤ ስለዚህ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ሁለተኛው ግን የሚኖረው በአንዲት ሴት ጕሮሮ ውስጥ ነው።

ይህን ንግግር ለማቅረብ ያነሣሣንም ይኸው ነው። እንደምታውቁት ቦሌ አራብሳ ከልዩ ልዩ ሰፈር የመጡ ቤተ ሰቦች የሚኖሩበት ነው። ብዙዎቹ ወላጆቻችን ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሷቸው ከመሐል ከተማ፥ ከቀድሞ ጎረቤታቸውና ከቀድሞ ዕድራቸው ተለይተው መጥተዋል። እዚህም ዕድር ተቋቁሟል፤ ሰው ሲሞትም በሕንፃዎቹ መካከል ድንኳን ይጣላል። ድንኳኑ አለ፥ ወንበሩ አለ፥ ንፍሮውም አለ፤ ሙሾው ግን እየጠፋ ነው። ሟችን የሚያውቅ ጎረቤት አራት ፎቅ ወርዶ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ሰውየው የተወለደበትን አገር፥ የሠራውን ሥራ፥ የልጆቹን ስም በስድስት ቀለም አስገብቶ የሚያወርድ አይገኝም።

በየቤታችን ታላላቆቻችንን ስንጠይቅ አንድ ነገር አስተዋልን። «ሙሾ ንገሩን» ስንላቸው «ረስተነዋል» ይሉናል። ዜማውን እንዲያንጐራጕሩት ስንለምናቸው ግን ስንኙ ከዜማው ጋራ ተያይዞ ይመጣል። የተረሳ የመሰለው ነገር በምጣኔው ተጠብቆ ኖሯል። ቀለም ከቀለም፥ ቤት ከቤት ተጋጥሞ ስለ ተቀመጠ አንዱ ሲነቃ ሌላውን ያስነሣዋል። መጻፍ ያልቻሉ እናቶቻችን የሰውን ታሪክ ያኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ምጣኔ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ተበትኖ በቀረ ነበር።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በመሐል ከተማ፥ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. የከተማው ባቡር መንገድ ሲሠራ ከቦታው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ በቦታው ቆመ። ሐውልት ሲነሣ ሕዝብ ያያል፥ ይጠይቃል፥ ይመለሳልም። ሙሾ የምታውቅ አንዲት እናት ስትሞት ግን አብሯት የሚሄደውን ማንም አያይም፥ የሚመልሰውም የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። ወላጆቻችን ሆይ፥ የምታውቁትን ሙሾ ለልጆቻችሁ አንጐራጕሩላቸው፤ «ያስጠላል፥ ሟርት ነው» ብላችሁ አትሰውሩባቸው። መምህራኖቻችን ሆይ፥ የግጥምን ትምህርት ስታስተምሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በጭብጨባም አስቈጥሩን፤ ጆሯችን ከዓይናችን ይልቅ ሊቅ ነውና። ጓደኞቻችን ሆይ፥ እያንዳንዳችሁ አንድ ደብተር ለይታችሁ ከቤታችሁ የሰማችሁትን ስንኝ፥ ከማን እንደ ሰማችሁትና ስለ ምን ዓይነት ሰው እንደ ወረደ ጨምራችሁ ጻፉ፤ ከጻፋችሁም በኋላ ቀለሙን ቍጠሩት። አንድ ሐረግ አምስት ወይም ሰባት ሆኖ ቢገኝ ለማረም አትቸኵሉ፤ መጀመሪያ የነገሯችሁን ሰው አስደግማችሁ በዜማ ስሙት፤ ምናልባት የጐደለው የእናንተ ጽሕፈት ይሆናልና።

ክበባችን ለሚመጣው ዓመት የተሰበሰበውን አንድ ላይ አድርጎ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለማኖር አስቧል። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን፥ በአካባቢያችን በሚነገሩት በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች የሚወርደውንም ሙሾ ባለቤቶቹ ጽፈው ቢያመጡልን በደስታ እንቀበላለን፤ የእያንዳንዱ ቋንቋ ምጣኔ ለብቻው መመርመር የሚገባው ነውና።